«ሰውነቴ በመድኃኒት ሞልቷል» ለሚሉ እናት

ደብዳቤው፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። እናቴ ሐይቅ ከተማ ነው የምትኖረው፤ 63 ዓመቷ ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለባት። ለግፊቱ አምሎዲፒን በቀን አንዴ፣ ኢናላፕሪል ሁለቴ፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚን ሁለቴ ትወስዳለች። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳታጓድል ውጣ አሁን ‹ሰውነቴ በመድኃኒት ሞልቷል፣ እስቲ ትንሽ ይረፍ› ማለት ጀምራለች። አንድ ሳምንት ትወስዳለች፣ አንድ ሳምንት ትተዋለች። በምትተውበት ሳምንት ጎረቤቷ ‹መድኃኒቱን ያጥብልሻል› ስላሏት ጧት ጧት አብሽ በጥብጣ ትጠጣለች። ፍል ውሃ ገብታም በላብ ልታስወጣው አስባለች። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ እየገዛች ትውጣለች፤ እሱን ግን ‹ይሄ እንኳ አይጠራቀምም› ትላለች። ረመዷን ሲገባ ደግሞ ወሩን ሙሉ ልትተወው ነው። ወንድሜ ባቲ ነው የሚሠራው። ለጉሮሮው አሞክሳሲሊን በቀን ሦስቴ ታዞለት ‹እሷ አንዴ የምትውጥ፣ እኔ ሦስቴ የምውጥ ምን በድዬ ነው› ብሎ ሦስቱንም ማታ ባንዴ ይውጣቸዋል። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ስለሚሆን አይመቸውም። መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ የት ነው የሚሄደው? ለእማዬ በሚገባት መንገድ ያስረዱኝ። የእናቷ ልጅ ነኝ።»

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ። እናትሽ ያሉት ነገር ዝም ብሎ የሚናቅ አይደለም። ግማሹ ልክ ነው። መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል፤ ሐኪምም የሚፈራው ነገር ነው። የሳቱት ምክንያቱን ነው። መድኃኒቱ ይውጣልኝ ብለው የሚያደርጉት ነገር ቆይቶ መውጫውን የሚዘጋ ነው።

አንድ ክኒን ከተዋጠ በኋላ ወደ ደም ይገባል፣ ከደም ጋር ይዞራል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር ይወጣል። ጥቂቱ በሐሞት በኩል ከሰገራ ጋር ይሄዳል። ሁሉም መድኃኒት ግን ይሄን መንገድ እኩል አይሄድበትም። የእማማን ሦስት ክኒኖች ብቻ ብትከተያቸው እንኳ ጸባያቸው ለየቅል ነው።

ክኒን ጨጓራ ውስጥ ይሟሟል እንጂ ዋናው መግቢያው ትንሹ አንጀት ነው። ከሜትፎርሚን ወደ ደም የሚገባው ከተዋጠው ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። የቀረው እዚያው አንጀት ውስጥ ቆይቶ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሆድ የሚያጉረመርመውና የሚያስቀምጠውም አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ ከምግብ ጋር ውሰጂ የሚባለውም ሆድ እንዳያስቸግር ነው። አምሎዲፒን በአብዛኛው ይገባል፤ በባዶ ሆድም ሆነ ተበልቶ ለውጥ የለውም።

ከአንጀት የተነሣው ደም ሌላ ቦታ ሳይደርስ መጀመሪያ ጉበት ጋ ይሄዳል። ጉበት አንዳንዱን መድኃኒት ገና ሥራ ሳይጀምር ይሰባብረዋል። ሌላውን ደግሞ ራሱ ነው ለሥራ የሚያበቃው። ኢናላፕሪል እንዲህ ነው። እንደተዋጠ ምንም ያህል አይሠራም፤ ጉበት ቀይሮት ነው ግፊት የሚያወርደው። ስለዚህ ‹ጉበት መርዝ ብቻ ነው የሚያጣራው› የሚለው ወሬ ሙሉ አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ «መርፌ ካልተወጋሁ አይለቀኝም» የሚሉ ብዙ አሉ። መርፌ አንጀትንና ያንን የመጀመሪያ የጉበት ፍተሻ ይዘላል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። መፍጠንና መበርታት ግን አንድ አይደሉም። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን የጀርም መድኃኒት ለምሳሌ ብናነሣ፣ በአፍ የተዋጠው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ደም ውስጥ ይገባል። መዋጥ የሚችል ሰው ለምን ይወጋል? እኔ አይገባኝም።

ወንድምሽን ላስቀድምና ወደ እማማ ልመለስ። አሞክሳሲሊን ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በሚቀጥለው ሰዓት የቀረው እንደገና ይገመሳል። ስምንት ሰዓት ሲሞላ ከመቶ አንድ እንኳ አይተርፍም። በቀን ሦስቴ የተባለው ለዚህ ነው። ሦስቱን ማታ ባንዴ ሲውጣቸው ለጥቂት ሰዓት ከበቂ በላይ ይኖረዋል። ከዚያ እስከ ማግስቱ ማታ ጀርሙ ያሻውን ይሠራል። በፌስታሉ ላይ «1×3» ብለው ጽፈው ሲሰጡት ይሄንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩት ኖሮ ባልተቸገርን። ጧት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4 ሰዓት ብሎ ይከፋፍለው።

ጫቱም የራሱ ጣጣ አለው። የመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት ጫት አምፒሲሊን የሚባለው የአሞክሳሲሊን ዘመድ ወደ ደም እንዳይገባ በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል። አሞክሳሲሊንንም ቢሆን ጫት እየተቃመ መሃል ላይ ከተዋጠ ይነካዋል። የአጥኚዎቹ ምክር ከተቃመ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይወሰድ የሚል ነው። ጉሮሮው እስኪሽር ቢተወው ነው የሚሻለው። ካልሆነለት ግን ጫቱ ላይ ተቀምጦ አይዋጥ።

አሁን ወደ እማማ። አምሎዲፒን ከአሞክሳሲሊን ፍጹም ይለያል። በግማሽ ለመቀነስ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። የዛሬው ሳያልቅ የነገው ይጨመርበታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በእርግጥም ይጠራቀማል! እማማ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ከሳምንት ገደማ በኋላ ግን በየቀኑ የሚገባውና በየቀኑ የሚወጣው እኩል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመትም ሆነ አሥር ዓመት ቢዋጥ፣ ጉበት ደህና እስከሆነ ድረስ መጠኑ እዚያው ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። እናትሽ በአራት ዓመት ከ1,400 በላይ አምሎዲፒን ውጠዋል። ዛሬ በየቀኑ ሳያቋርጡ እየወሰዱ ቢሆን ሰውነታቸው ውስጥ የሚገኘው በግምት የሁለት ወይም የሦስት ክኒን ያህል ነው። ሌላው ሁሉ ጉበት ሰባብሮት ወጥቷል። ሐይቅ የሄድሽ ቀን ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ ሦስት ክኒን አውጪና መዳፋቸው ላይ አድርጊላቸው። «ሞልቷል ያልሽው ይሄው ነው» በያቸው። መልሰሽ መቀበል እንዳትረሺ፣ ሦስቱንም እንዳይውጧቸው።

አንድ ሳምንት ሲተዉት የሚሆነውን እንይ። በሁለተኛው ቀን ማታ ግማሽ የሚጠጋው ገና አለ። ግፊቱ ብዙም አልተነሣም፤ እሳቸውም «ይኸው፣ ያለ መድኃኒትም ደህና ነኝ» ይላሉ። ደህና ያደረጋቸው ግን ያው መድኃኒት ነው። በአራተኛው ቀን ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀራል። በሰባተኛው ቀን ከሞላ ጎደል የለም። ግፊቱ ተመልሷል፤ ግፊት ደግሞ ሲመለስ በር አያንኳኳም። ከዚያ እንደገና ሲጀምሩ ሙሉ መጠኑ ላይ ለመድረስ ሌላ ሳምንት ያስፈልጋል። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ የመተው ሳምንታቸው ይመጣል። ሲደመር መድኃኒቱን እየገዙ ሙሉ ጥቅሙን የሚያገኙት በወር ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

የሜትፎርሚን ደግሞ ይብሳል። ወደ ደም ከገባው 90 ከመቶ የሚሆነው በ24 ሰዓት ውስጥ በሽንት ይወጣል። «ይረፍ» ባሉ በማግስቱ ስኳሩን የሚይዝላቸው የለም። የሚታጠብም ነገር የለም፤ ወጥቷልና።

ሜትፎርሚንን ጉበት አይነካውም። እንደገባ ነው የሚወጣው፤ መውጫው ኩላሊት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሁለት ጤነኛ ኩላሊቶች ሥራ የሚገርም ነው። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከሐይቁ በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ዘጠኝ ጊዜ እንደመቅዳት ነው። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው አንድ ወይም ሁለት ሊትሩን ብቻ ከቆሻሻው ጋር በሽንት ይሰዱታል። ይሄ ማጣሪያ ሲደክም ሜትፎርሚን መውጫ ያጣና ይከማቻል። እውነተኛው መጠራቀም ይሄ ነው። ከበዛ ደም ውስጥ አሲድ እንዲበዛ ያደርጋል፤ ነፍስ እስከማሳጣት ይደርሳል።

ታዲያ ኩላሊትን የሚያደክመው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር፦ ያልተያዘ ስኳርና ያልተያዘ ግፊት። ነገሩ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። እማማ መድኃኒት እንዳይጠራቀምባቸው ብለው መድኃኒቱን ይተዋሉ። ሲተዉት ስኳሩና ግፊቱ ይወጣል። እነሱ ደግሞ ማጣሪያውን እያደር ይጎዱታል። ማጣሪያው ሲጎዳ ያ የፈሩት መጠራቀም ይመጣል።

አሁን ስለ ዲክሎፌናክ። «አይጠራቀምም» ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ከደም ቶሎ ይወጣል። ግን ከአራቱ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ዲክሎፌናክ ወደ ኩላሊቱ ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቀጭን የደም ሥር ያጠበዋል። ኢናላፕሪል ደግሞ ከማጣሪያው የሚያስወጣውን ያሰፋዋል። ለየብቻቸው ብዙ ሰው ይችላቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የሚገባው ደም ያንሳል፣ የሚወጣው ይፈጥናል፤ ማጣሪያው ላይ የሚያስፈልገው ግፊት ይወርዳል። በስኳር ላይ ሲሆን፣ ዕድሜም ሲጨመርበት፣ ውሃ በማይጠጣበት የጾም ቀን ደግሞ ሲሆን አደጋው ይበረታል። ዲክሎፌናክ በዚያ ላይ ጨው ያስቀራል፣ ግፊት ይጨምራል። ኢናላፕሪሉ ያወረደውን እሱ መልሶ ያወጣዋል።

ጉልበታቸው ግን በእውነት ያማቸዋል፤ «ተዪው» ብሎ መሄድ አይበቃም። የሚቀባውን ዲክሎፌናክ ጠይቂላቸው፤ ከሚዋጠው ጋር ሲነጻጸር ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ፓራሲታሞልም ለኩላሊት ይሻላል። እሱ የጉበት ጉዳይ ነው። ትንሹ ክፍሉ ጉበት ውስጥ ወደ መርዛማ ነገር ይለወጣል። ጉበት ያንን የሚያከሽፍበት የራሱ ክምችት አለው፤ መድኃኒቱ ከልክ ሲያልፍ ክምችቱ ያልቃል። ለአዋቂ ሰው ከፍተኛው በቀን 4 ግራም ነው፤ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ስምንት ፍሬ። ለእሳቸው ዕድሜ ከስድስት ፍሬ ባያልፍ እመርጣለሁ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ተደብቆ ስለሚገኝ ደርበው እንዳይወስዱ።

አብሹን በተመለከተ፣ መድኃኒት አያጥብም። ጠላቴ ግን አይደለም፤ ስኳር ትንሽ ዝቅ የማድረግ ባህርይ አለው። የሚዝለገለገው ፈሳሹ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ይጠጡት፤ ከክኒኑ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ፤ በመድኃኒቱም ፋንታ አይሁን። ማር ወይም ስኳር የሚጨመርበት ከሆነማ ለስኳር ሕመምተኛ ያው እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ጎረቤታቸውንም አትቆጪያቸው። ክፉ አስበው አይደለም፤ አብሽ በጥብጠው ጧት ጧት የሚጠይቁ ጎረቤት ከየትም አይገኝም።

ፍል ውሃውስ? በላብ የሚወጣው መድኃኒት ከቁጥር የማይገባ ነው። ለጉልበታቸው ደስ ካላቸው ይግቡ። ብቻ ሙቅ ውሃ የደም ሥር ያሰፋል፣ አምሎዲፒንም ያሰፋል። ከውሃው ብድግ ሲሉ ራሳቸውን ሊያዞራቸውና ሊወድቁ ይችላሉ። ብቻቸውን አይሂዱ፣ ብዙም አይቆዩ።

ጎረቤቶቻቸው «እኔም ያንኑ ነው የምውጠው፣ ምንም አላለኝም» ብለው መድኃኒት የሚሰጧቸው ከሆነ ግን እሱን በግልጽ እምቢ ይበሉ። የሰው ጉበት ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ የወጣ ጥናት 29 ከመቶ በሚሆኑት ላይ አንድ የጉበት ኤንዛይም የሚሠራው ዘረ መል ከመደበኛው በላይ ተደጋግሞ አግኝቷል። ይሄ ኤንዛይም ኮዴይን የሚባለውን የሳልና የሕመም መድኃኒት ወደ ሞርፊን የሚለውጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ኮዴይን ሲወስዱ ሞርፊኑ ፈጥኖ ይበዛባቸዋል። ለአንዱ ልክ የሆነው ለሌላው ብዙ ነው፤ ለሕፃንና ለምታጠባ እናትማ ጭራሽ አይሰጥም።

ረመዷን ላይ አንድ ወር መተው የለም። መድኃኒቶቻቸው ደግሞ ለጾም የተመቹ ናቸው። ሁለቴ የሚወሰዱት ሜትፎርሚንና ኢናላፕሪል በሱሑርና በአፍጥር ይያዛሉ፤ አምሎዲፒን ከአፍጥር በኋላ ይዋጣል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን ስኳር ከልክ በታች የመጣል ጠባዩ አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚባል የስኳር ክኒን ከተጨመረላቸው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በተለይ ኩላሊት ከደከመ ብዙ ሰዓት ይቆይና ስኳሩን በጾም ሰዓት ይጥለዋል። ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸው ጾሙን ያፍርሱ። ከወሩ አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ሐኪሙ «አይሆንም» ካለ የሰፈሩ ሼህ ለታመመ የተፈቀደውን ይነግሯቸዋል።

እስከዚያ ግን የሚሠራ ሥራ አለ። አሁን የመተው ሳምንታቸው ላይ ከሆኑ በቀድሞው መጠን ይጀምሩ፤ ያለፈውን ለማካካስ ደርበው አይዋጡ። ሳምንት ካለፋቸው መጀመሪያ ግፊታቸው ይለካ። ሜትፎርሚኑ ቀስ እያለ የሚለቅ ዓይነት መሆኑን ጠይቂ፤ ከሆነ አይሰበርም፣ አይፈጭም። ዋናው ግን የኩላሊት ምርመራ ነው። ክሬቲኒን ይባላል፤ ከክንድ በሚቀዳ ደም ይሠራል። ኩላሊት እያመመ አይናገርም፤ የሚናገረው ያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ተሰልቶ የማጣራት አቅሙን ያሳያል። ይሄ አቅም ከ30 በታች ከሆነ ሜትፎርሚን ይቆማል፤ ከ30 እስከ 45 ባለው ውስጥ መጠኑ ይቀነሳል። «ሞልቶብኛል» የሚሉትን ነገር በትክክል የሚመልስላቸው ይሄ ወረቀት ነው። ጥሩ ከሆነ ራሳቸው አይተው ይረጋጋሉ፤ ካልሆነ ደግሞ መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክላል።

ሲሄዱ የሚውጡትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይያዙ፤ ዲክሎፌናኩንም፣ የአብሹንም ነገር አይደብቁ። ከዚያ በፊት ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸውና ምግብም ውሃም ካልረጋላቸው ቀጠሮ አትጠብቂ። ያን ዕለት ሜትፎርሚኑና ኢናላፕሪሉ ለጊዜው ይቁሙ ወይ ብለሽ ባለሙያ ጠይቂ፤ ዲክሎፌናክ ግን በጭራሽ አይዋጥ። ከኮምቦልቻ ሐይቅ ሩቅ አይደለም፤ ለምርመራው ቀን አብረሻቸው ብትሆኚ ውጤቱን አንቺው ታነቢላቸዋለሽ።